«ጥራት» ስንት ያወጣል?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላል ያገሬ ሰው። በገንዘብ ገበያ ግን ስም የሚያወጣው መልአክ ሳይሆን የሽያጭ ክፍል ነው። ይህ የሽያጭ ክፍል ካሉት ቃላት ሁሉ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አብዝቶ የወደደው «ጥራት» የሚለውን ነው። ከመላው ዓለም ተመርጠው የወጡ፣ ትርፋቸው የማይዋዥቅ፣ ዕዳቸው የቀለለ፣ ስማቸው የገነነ ኩባንያዎችን አክሲዮን በአንድ ቅርጫት ሰብስቦ ለቆጣቢ የሚሸጥ ፈንድ «የጥራት ፈንድ» ይባላል። ዋሽንግተን ወይም ለንደን የሚኖረው ወገናችን የጡረታ ቁጠባውን የት እንደሚያኖር እንዲመርጥ ቅጽ ሲሰጠው፣ ዐይኑ የሚያርፈው እዚህ ቃል ላይ ነው። ጥራትን የሚጠላ ማን አለ?

ውድ አንባቢያን፣ የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው። ጥሩ ኩባንያ እና ጥሩ ግዢ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በሁለቱ መካከል የቆመው ዋጋ ነው። «ጥራት» የሚለው ቃል ዛሬ በሚሰበክበት አኳኋን የሚሠራው ሥራ ደግሞ አንድ ነው፤ ገዢው ዋጋ መጠየቁን እንዲረሳ ማድረግ።

ስለ ፖለቲካ በሚጻፍበት ገጽ ላይ የአክሲዮን ፈንድ ምን ይሠራል የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። መልሴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የምንነጋገርበት ገንዘብ የሌሊት ተረኛ ነርስ፣ የታክሲ ነጂ፣ የሆቴል ሠራተኛ ወገናችን የሠላሳ ዓመት ላብ ነው፤ የዚህ ላብ ዕጣ ፖለቲካ ካልሆነ ፖለቲካ የሚባለው ምን እንደሆነ አላውቅም። ሁለተኛ፣ በሽታው የምናውቀው በሽታ ነው። በ1987 «ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ» የሚል ስም የተሰጠው መንግሥት ሕዝባዊም ዴሞክራሲያዊም አልነበረም (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ስሙን ሰምተን ያጨበጨብን፣ ይህ ስም ምን ያስከፍለናል ብለን የጠየቅነው ከዘገየ በኋላ ነው። በፖለቲካ መልካም ስም ሲጠራብን ጥያቄያችንን የምናጥፍ ሰዎች በገንዘብም ጉዳይ ያንኑ ብናደርግ ሊገርም አይገባም።

ቃሉ ሲፈታ

አስቀድሜ ለተቃራኒው ወገን የሚገባውን ልስጥ። «ጥራት» ባዶ ቃል አይደለም። ኤምኤስሲአይ የተባለው ድርጅት የዓለም የጥራት ኢንዴክሱን ሲያዘጋጅ ኩባንያዎችን የሚመዝነው በሦስት መለኪያ ነው፤ ባለቤቶች ባዋጡት ካፒታል ላይ የሚገኘው ትርፍ፣ የትርፉ ዕድገት ከዓመት ዓመት አለመዋዠቅና የዕዳው ማነስ። ሮበርት ኖቪ ማርክስ የተባሉት ምሁር በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ ከንብረታቸው አንጻር ከፍተኛ ትርፍ የሚያገኙ ኩባንያዎች አክሲዮን ከሌሎቹ የተሻለ ውጤት እንዳስገኘ አሳይተዋል። ስለዚህ ጥራት የሚባል ነገር የለም የሚል ሰው ከእኔ ወገን አይደለም።

ሆኖም ስለዚሁ ጉዳይ በስፋት ከሚጠቀሱት ጥናቶች አንዱ፣ የአስነስ፣ የፍራዚኒና የፔደርሰን፣ ሰባኪዎቹ የሚዘሉትን ነገር ጨምሮ ይናገራል። ገበያው ለጥራት የሚከፍለው ዋጋ ከጊዜ ወደ ጊዜ ይለዋወጣል፤ ጥራት በርካሽ በተገኘበት ዘመን የገዛ ኋላ ላይ የተሻለ ያገኛል፣ በውድ ዘመን የገዛ ያነሰ ያገኛል። እንግዲህ የጥራት ምርምር ራሱ የሚያስተምረው ዋጋን ጠይቅ ብሎ ነው።

አመክንዮው የተወሳሰበ አይደለም። አክሲዮን የምንገዛው ኩባንያው ወደፊት ከሚያተርፈው ድርሻ ለማግኘት ነው። ኩባንያው ድንቅ መሆኑን እኔ ካወቅሁ ሻጩም ያውቃል፤ ገበያው በሙሉ ያውቃል። ሁሉም የሚያውቀው ድንቅነት ደግሞ አስቀድሞ በዋጋው ውስጥ ገብቷል። መርካቶ ውስጥ የምርጥ ማኛ ጤፍን ደግነት የማያውቅ ነጋዴ የለም፤ ስለዚህ ማኛ ጤፍ በሰርገኛ ጤፍ ዋጋ አይገኝም። ማኛ ስለሆነ ብቻ በሦስት እጥፍ የሸመተ ሰው እንጀራው ነጭ ይሆንለት ይሆናል፤ አተረፈ ግን አይባልም።

ሃምሳዎቹ

ይህ የንድፈ ሐሳብ ጭንቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍሁ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ገበያ ሃምሳ ያህል ታላላቅ ኩባንያዎች ልዩ ክብር አግኝተው ነበር። ኮካ ኮላ፣ ማክዶናልድ፣ ዲዝኒ፣ ዜሮክስ፣ ኮዳክ፣ ፖላሮይድ፣ ኤቨን ከእነርሱ ውስጥ ናቸው። የዘመኑ ሊቃውንት እነዚህ አንድ ጊዜ ተገዝተው ለዘላለም የሚያዙ ናቸው አሉ፤ ኩባንያው ይህን ያህል ግሩም ከሆነ ዋጋው ምንም ቢሆን ችግር የለውም ተባለ። በ1972 መጨረሻ ገበያው በአማካይ ከዓመታዊ ትርፉ 19 እጥፍ ገደማ ሲሸጥ፣ እነዚህ በአማካይ ከ40 እጥፍ በላይ ይሸጡ ነበር። ፖላሮይድ ከ90 እጥፍ በላይ ደርሶ ነበር።

ከዚያ የ1973 እና 1974 ውድቀት መጣ። ፖላሮይድ ከዋጋው 90 በመቶ ያህሉን አጣ፤ ኤቨን ከ80 በመቶ በላይ ወረደ። ፖላሮይድ በ2001፣ ኮዳክ ደግሞ በ2012 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቁ። በዘመናቸው የጥራትን መለኪያ ሁሉ ያሟሉ ኩባንያዎች ነበሩ። መለኪያው ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን መለኪያው የሚያየው ያለፈውን ነው፣ የሚከፈለው ዋጋ ግን ለወደፊቱ ነው።

«ታግሦ የያዘ ግን አልከሰረም» የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። እውነት አለው። ጄረሚ ሲገል የተባሉት የፋይናንስ ምሁር ሃምሳዎቹን ሁሉ ገዝቶ ሩብ ምዕተ ዓመት የያዘ ሰው ከጠቅላላው ገበያ ጋር ተቀራራቢ ውጤት እንዳገኘ በስሌት አሳይተዋል። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፣ ይህ መከላከያ ምን እንደሚል ልብ በል። ምርጥ የተባሉትን መርጦ፣ ውድ ዋጋ ከፍሎ፣ የ90 በመቶ ውድቀት አይቶ፣ ሩብ ምዕተ ዓመት ታግሦ፣ በመጨረሻ ምንም ሳይመርጥ ገበያውን በሙሉ ከገዛው ጎረቤቱ ጋር እኩል ለመሆን ተቃረበ ማለት ነው። ታዲያ ምርጫው ምን ጨመረለት?

ለዚህ ሌላ ምስክር ማይክሮሶፍት ነው። የዚህን ኩባንያ ጥራት የሚጠራጠር የለም። አክሲዮኑ በታኅሣሥ 1999 የደረሰበትን የመዝጊያ ዋጋ መልሶ ያለፈው በጥቅምት 2016 ነው። በነዚያ ዓመታት ኩባንያው አልተኛም፤ ዓመታዊ ገቢው ከ23 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወደ 85 ቢሊዮን አድጓል። ኩባንያው እያደገ ባለአክሲዮኑ ባለበት የረገጠው፣ በ1999 የተከፈለው ዋጋ የዐሥራ ስድስት ዓመቱን ዕድገት አስቀድሞ ስለበላው ነው።

የዘመናችን ምስክር

ወደ ራሳችን ዘመን እንምጣ። በጥራት ፈንዶች ዓለም ከታወቁት ስሞች አንዱ በእንግሊዝ ሀገር በ2010 የተቋቋመው ፈንድስሚዝ ነው። መሥራቹ ቴሪ ስሚዝ መመሪያቸውን በሦስት ነጥብ ያስቀምጣሉ፤ ጥሩ ኩባንያዎችን መግዛት፣ ከሚገባው በላይ አለመክፈል፣ ከዚያ በኋላ እጅን ሰብስቦ መቀመጥ። በመጀመሪያዎቹ ዐሥር ዓመታት ፈንዱ የዓለምን ገበያ በግልጽ በለጠ፤ ዝናውም ያለ አግባብ የመጣ አይደለም።

ከዚያስ? በ2021 ፈንዱ 22.1 በመቶ ሲያስገኝ የዓለም ኢንዴክስ 22.9 አስገኘ። በ2022 ፈንዱ 13.8 በመቶ ሲወርድ ኢንዴክሱ የወረደው 7.8 ነው። በ2023 ፈንዱ 12.4፣ ኢንዴክሱ 16.8፤ በ2024 ፈንዱ 8.9፣ ኢንዴክሱ 20.8 በመቶ። በ2021 መጀመሪያ 100 ፓውንድ ያስገባ ሰው በአራት ዓመት 129 ፓውንድ ገደማ ሲኖረው፣ ኢንዴክሱ ወደ 160 ደርሷል። ኪሳራ አይደለም፤ «የጥራት» ስያሜ ግን ቃል የገባው ይህንን አልነበረም።

የፈንዱ ወዳጆች ገበያውን የጎተቱት ጥቂት የቴክኖሎጂ ግዙፎች ናቸው ይላሉ። ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ገንዘቡን ለአስተዳዳሪ የሰጠና የአስተዳዳሪ ዋጋ የከፈለ ሰው የገዛው የአስተዳዳሪውን ፍርድ ነው፤ የትኛውን ይዞ የትኛውን እንደሚተው የመወሰን ፍርድ። ፍርዱ ሲሠምር ምስጋናው የአስተዳዳሪው፣ ሳይሠምር ጥፋቱ የገበያው ሊሆን አይችልም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ከሦስቱ መመሪያዎች ሁለተኛው ስለ ዋጋ የሚናገር ነው። ደቀ መዛሙርቱ ግን አንደኛውንና ሦስተኛውን በቃላቸው ያነበንባሉ፤ ሁለተኛውን እንደ ውዳሴ ማርያም መሐል ገጽ ገልጠው ያልፉታል። በማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ የዚህ ፈንድ ስም ሲነሣ ተማሪዎቼ የኩባንያዎቹን ዝርዝር ወዲያው ይነግሩኛል። ከትርፋቸው ስንት እጥፍ ነው የሚሸጡት ብዬ ስጠይቅ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ያ ጸጥታ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ።

ኔስሌ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት የጥራት ምሳሌ ሆኖ የኖረ ነው፤ ሰው ቡናና ወተት መጠጣቱን አይተውም ይባል ነበር። በ2022 መጀመሪያ ከ125 የስዊስ ፍራንክ በላይ የነበረው አክሲዮኑ በ2024 መጨረሻ ከ80 በታች ወረደ። ሰው ቡና መጠጣቱን አልተወም፤ የተለወጠው ሰው ለአክሲዮኑ ለመክፈል የተዘጋጀው ዋጋ ነው። ኖቮ ኖርዲስክ በ2023 የአውሮፓ ውዱ ኩባንያ ሆኖ ነበር፤ በ2024 አጋማሽ ከደረሰበት ጫፍ በዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ ዋጋውን አጣ። መድኃኒቱ አሁንም መድኃኒት ነው።

የዝምታው ሒሳብ

ዋጋ የምለው የአክሲዮኑን ዋጋ ብቻ አይደለም። ፈንዱ ራሱ ዋጋ አለው። እንዲህ ያሉ ፈንዶች ብዙ ጊዜ በዓመት 1 በመቶ ገደማ ያስከፍላሉ፤ ጠቅላላውን ገበያ ተከትሎ የሚሄድ የኢንዴክስ ፈንድ ብዙ ጊዜ 0.2 በመቶ እንኳ አይደርስም። አንድ በመቶ ሲሰሙት ለጆሮ ኢምንት ነው። ሒሳቡን እንሥራ። 10,000 ዶላር ከክፍያ በፊት በዓመት 7 በመቶ ቢያድግ፣ 0.2 በመቶ እየተቀነሰ በ30 ዓመት ወደ 72,000 ይደርሳል፤ 1 በመቶ እየተቀነሰ ግን 57,400 ገደማ ነው። ልዩነቱ 14,500 ዶላር ያህል፣ ማለትም መጀመሪያ ከተቀመጠው ገንዘብ አንድ ጊዜ ተኩል የሚጠጋ ነው። ይህ ገንዘብ ደረሰኝ አይቆረጥለትም። ማንም መጥቶ አምጣ አይልም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ እንደሚሄድ፣ ይህም ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል፤ የሚሄደው ግን ወደ ሌላ ሰው ቤት ነው።

አስተዳዳሪው ይህን ክፍያ በብልጫ የሚያካክስ ከሆነ ይከፈለው። ነገር ግን በአሜሪካ ትላልቅ ኩባንያዎች ላይ ከሚሠሩት ፈንዶች መካከል በ15 ዓመት ጊዜ ውስጥ ከዐሥሩ ከስምንት በላይ የሚሆኑት ከኢንዴክሱ ያነሰ ውጤት እንደሚያስመዘግቡ ዓመት በዓመት የሚወጡ ዘገባዎች ያሳያሉ። ጆን ቦግል የመጀመሪያውን ለሕዝብ የሚሸጥ የኢንዴክስ ፈንድ በ1976 ሲያቋቁሙ ተሳልቆባቸው የነበረው ሙያ፣ ዛሬ ስሙን «ጥራት» ብሎ ለውጦ ያንኑ የድሮ ክፍያ ይጠይቃል።

ጥሩ ለማን?

በቋንቋችን አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። «ጥሩ ኩባንያ» ስንል «ጥሩ» የሚለው ቃል ትርፋማነትንና ደግነትን አንድ ላይ ይሸከማል። ፈንዱ የሚለካው ግን ትርፋማነትን ብቻ ነው። ደርግ በ1975 ከወረሳቸው ድርጅቶች አንዱ የጀርመን ኩባንያ ድርሻ የነበረበት የከብት ሀብት ድርጅት ነበር፤ ያን የጀርመን ኩባንያ ኋላ ኔስሌ ገዛው። በ2002 መጨረሻ፣ ሚሊዮኖች ወገኖቻችን በድርቅ ሲራቡ፣ ይኸው የጥራት ምሳሌ የሆነ ኩባንያ ለዚያ ንብረት ኢትዮጵያ 6 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍለው ይጠይቅ ነበር። ኦክስፋም ጉዳዩን አደባባይ ካወጣውና የዓለም ሕዝብ ከተቆጣ በኋላ፣ በጥር 2003 በ1.5 ሚሊዮን ተስማምቶ ገንዘቡን ለረሃብተኞች ርዳታ አዋለው።

ይህን የማነሣው ኔስሌን አትግዙ ለማለት አይደለም። ያን ጊዜ የኔስሌ የጥራት መለኪያዎች በዚህ ጉዳይ ቅንጣት እንዳልተነካኩ ለማሳየት ነው። ሕጋዊ መብቱን ጠየቀ ሊባል ይችላል፤ ግን የጠየቀውን እንዲተው ያደረገው የሰው ጩኸት እንጂ የጥራት መለኪያ አልነበረም። በፈንድ በኩል የገዛ ባለአክሲዮን ደግሞ በጉባኤ ድምፅ አይሰጥም፤ ድምፁን የሚሰጥለት አስተዳዳሪው ነው። እንግዲህ «ጥሩ» የሚለውን ቃል ሰምቶ ኅሊናውንም ገንዘቡንም በአንድ ፊርማ ያስረከበ ሰው፣ ሁለቱንም ዳግመኛ የሚያገኝበት መንገድ ጠባብ ነው።

ለሀገር ቤት አንባቢ

ብር ለሚከፈለው የሀገር ቤት አንባቢ ይህ ሁሉ የሩቅ ወሬ ይመስለው ይሆናል። አይደለም። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2025 ተከፍቷል። ነገ በየጋዜጣው ላይ የሚወጣው ማስታወቂያ ሁሉ አስተማማኝ፣ አንጋፋ፣ ጥራት ያለው በሚሉ ቃላት የተሞላ እንደሚሆን ለመተንበይ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ኢትዮ ቴሌኮም ከጥቅምት 2024 ጀምሮ 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን እያንዳንዳቸውን በ300 ብር ለሽያጭ ሲያቀርብ የኩባንያው አንጋፋነት ሲዘመር ከርሟል። አንጋፋ መሆኑ እውነት ነው። የተሸጠው ግን 10.7 ሚሊዮን ያህል ነው። ያልገዛው ለምን እንዳልገዛ ምክንያቱ የየራሱ ነው። እኔ የምለው፣ 300 ብር ለዚህ የትርፍ ድርሻ ተገቢ ዋጋ ነው ወይ ብሎ የጠየቀ ዜጋ ሀገሩን አልከዳም። ባለቤት ሊሆን የተዘጋጀ ሰው የሚጠይቀውን ጠየቀ እንጂ።

በሌላ በኩል፣ «አክሲዮን ላም አለኝ በሰማይ ነው» ብለው ይህን ጽሑፍ ለራሳቸው ክርክር ሊጠቀሙበት የሚፈልጉ እንደማይጠፉ አውቃለሁ። እነርሱንም አልደግፍም። ገንዘብን በዋጋ ንረት እያስበሉ ባንክ ውስጥ ማስቀመጥም ዋጋ አለው፤ ሁሉን ለአንድ ቤት ማዋልም ዋጋ አለው። የዓለምን ኩባንያዎች በሰፊው፣ በርካሽ ክፍያ፣ በትዕግሥት መያዝ ለሠራተኛ ሰው ካሉት መንገዶች ከተሻሉት አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ። የምቃወመው ባለቤትነትን አይደለም፤ ባለቤትነትን በስም መለወጥን ነው።

ስለዚህ ቅጹ ፊትህ ሲቀርብ፣ ከፊርማህ በፊት ሻጩን ጠይቀው። እነዚህ ኩባንያዎች ዛሬ ከዓመት ትርፋቸው ስንት እጥፍ ይሸጣሉ? ጠቅላላው ገበያስ? ለአንተ በየዓመቱ ስንት እከፍላለሁ፣ በ30 ዓመት ስንት ይሆናል? ገበያውን በሙሉ በአምስተኛው ክፍያ ማግኘት ስችል አንተ የምትጨምርልኝ ምንድን ነው? በስሜ ድምፅ የምትሰጠውስ እንዴት ነው? የሚመልስልህ ካገኘህ፣ ምናልባት ጥሩ አስተዳዳሪ አግኝተህ ይሆናል፤ ግዛ። መልሱ «ይህ እኮ የጥራት ፈንድ ነው» የሚል ከሆነ ግን፣ ቅጹን አጥፈህ ኪስህ ክተት።

በመልካም ስም የተሸጠልን ብዙ ነገር አይተናል። ቢያንስ የጡረታ ገንዘባችንን ዋጋ ጠይቀን እንግዛበት።

ቸር እንሰንብት።